በአንኮበር መስመር ላይ የፈሰሰው ጨው

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ትዕግሥት ለምሳ ስትመጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ሁለት ጊዜ ጎርሳ ተወችው። እዚሁ ደብረ ብርሃን በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል የሚያልፍበትን ሰርቨር የሚሉትን ማሽን የምትጠብቀው እሷ ናት። "ምን ሆንሽ?" ብላት ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ሰጠችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አነበብኩት። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይላል። የቅርንጫፎቹ ደብዳቤ ለሦስት ቀን ሳይደርስ መቅረቱን፣ ጥፋቱም "ሆን ተብሎ ወይም በቸልተኝነት" የተፈጸመ መሆኑን ዘርዝሮ፣ እስከ ዓርብ በጽሑፍ አጥጋቢ መልስ ካልሰጠች ከሥራ እንደምትሰናበት ይደመድማል። ማህተሙ ክብ፣ ፊርማው እንደ ሐረግ የተጠማዘዘ።

"ማሽኑን ማን አየው?" አልኳት።

"ማንም።"

"ይህን የጻፈው ሰውዬስ?"

"ሥራ አስኪያጁ? አባዬ ደግሞ፣ እሱ ሰርቨሩ የትኛው ክፍል እንዳለ እንኳ አያውቅም።"

ኧረ እንዲያው ምን ይሻላል! ደሜ ፈላ። ያችን "ሆን ተብሎ" የምትል ቃል አውቃታለሁ። ከአርባ ዓመት በፊት፣ በእንዲህ ያለ ክብ ማህተም ሥር አንብቤያታለሁ። ያኔ ወረቀቱ በካርቦን የተባዛ፣ ፊደሉ የደበዘዘ ነበር፤ ዛሬ ነጭና የሚያምር ነው። ወረቀቱ ነጣ እንጂ ሰዎቹ ምን ተለወጡ? ዕቃ ሲበላሽ ዕቃውን ከማየት ሰው መያዝ ይቀላቸዋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። ትዕግሥትን "ቁጭ በይ፣ ሻይ ጠጪ" አልኳት፤ የእኔ ልብ ግን አንኮበር ሄዶ ነበር።

ያኔ ወጣት የስልክ ቴክኒሺያን ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን ዋናው እዚህ ደብረ ብርሃን፣ ቅርንጫፉ አንኮበር ነው። ዘመኑ ሰው ሁሉ ጓድ የተባለበት፣ የሽንኩርት ዘር ላኩልን የሚል ደብዳቤ ሳይቀር በመፈክር የሚያልቅበት ዘመን ነበር፤ ፖለቲካውን የሚያውቅ ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው ብርዱን፣ የምንለብሰውን፣ የምንበላውን ነው። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ ሃያ አምስት ሳንቲም። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ጥጉ ላይ ካሴት የሚሸጥ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ ሰቅሎ ቀኑን ሙሉ የፍቅር ዘፈን ሲያስጮህ ይውልና፣ የቀበሌ ሰው ሲያልፍ ቶሎ ብሎ የሰልፍ ዘፈን ይለውጣል። እኛም ዘፈኑ ሲለወጥ ማን እየመጣ እንደሆነ እናውቃለን። ሱሪያችን ቤል ቦተም፣ ታቹ መንገድ የሚጠርግ፣ ፀጉራችን አፍሮ። እኔማ ያን ቤል ቦተም ለብሼ ምሰሶ ላይ ስወጣ ስንት ጊዜ በሽቦ ተይዞ ተቀዷል! የባለቤቴ የመርፌ ሥራ ያኔ ነው የጠነከረው። ዛሬ በዚያ ሱቅ ቦታ ፎቅ ቆሟል፤ ከሥሩ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ ያ ዘፈን አልፎ አልፎ በስልክ ሲሰማ ግን እግሬ በራሱ ይቆማል።

ስልካችን የሚዞር ነበር። ከእንጨት የተሠራ ሳጥን፣ በጎኑ እጀታ፣ ውስጡ ሁለት ወፋፍራም የባትሪ ድንጋይ። እጀታውን ስታዞሩት እዚያ ማዶ ደወሉ ይጮሃል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ድረስ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋው አንድ ሽቦ ብቻ ነው፤ ድምፅ በሽቦው ይሄድና በመሬት ይመለሳል። ለዚህ ሲባል በሁለቱም ጫፍ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበራል። ይህን ለአለቆች ስናስረዳ ይስቁብን ነበር። "መሬት እንዴት ያወራል?" ይሉናል። ደመወዛቸውን ግን በዚያው በሚያወራው መሬት ነበር የሚያስፈቅዱት።

የአንኮበሩን ስልክ የሚይዘው ሰይድ ነበር፤ የአሊዩ አምባ ልጅ፣ የጨው ነጋዴ ልጅ። ፊቱን ሳላይ ሁለት ዓመት ሙሉ በድምፁ ብቻ አወቅሁት። መልእክት ሲቀበል አንድ ቃል አይጥልም፤ ጽፎ ሲጨርስ "ልመልስልህ" ብሎ ከላይ እስከ ታች ያነብልኛል፣ ነጥቡንም ሳይቀር "አራት ነጥብ" እያለ። ጨዋታ ያውቃል። "ተክሌ፣ ይህን የደብረ ብርሃን ብርድ በሽቦው አትላክብኝ፣ ጆሮዬ ደነዘዘ" ይለኛል። "አንተስ ከቆላው ትንሽ ሙቀት ብትልክ ምን አለበት?" እለዋለሁ። "ሙቀቱን ልኬልህ ነበር፣ ዳገቱ ላይ ደክሞት ተመለሰ።" እንዲህ ነበር ሰይድ። ባለቤቴ ትዕግሥትን ባረገዘች ጊዜ ከእናቴ ቀጥሎ የነገርኩት ለእሱ ነው፤ በመንግሥት ስልክ፣ በሥራ ሰዓት። "አላህ በሰላም ይገላግላት" አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ በየማለዳው ከመልእክቱ በፊት የሚጠይቀኝ ስለ እሷ ነበር።

በዚያው በጋ የሰይድ ድምፅ ከቀን ወደ ቀን እየራቀ ሄደ። በመጀመሪያ ከጉድጓድ ውስጥ፣ ኋላ ከማዶ ተራራ የሚጣራ መሰለ። እንግዲህ ሥራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ አይጮህም፤ ይጠይቃል። የሚጠፋው መሄጃው ነው ወይስ መመለሻው? ሌላ ቦታ ስደውል ይሰማኛል? ከመቼ ጀምሮ ነው? ባትሪውን ለውጥ አልኩት፣ ለወጠ፤ ያው ነው። ምሰሶዎቹን እስከ እኩሌታ መንገድ በእግሬ ሄጄ አየሁ፤ ሽቦው ደህና፣ ሽቦውን ምሰሶው ላይ የሚይዙት ነጫጭ ሲኒዎችም አልተሰበሩም። የቀረው መሬቱ ነው። በበጋ መሬት ይደርቃል፣ የደረቀ መሬት ድምፅ አያሳልፍም። "ሰይድ፣ ጠዋት ጠዋት የዘንጉ ሥር አንድ ባልዲ ውሃ አፍስስ" አልኩት። አፈሰሰ፤ ትንሽ ተሻለ። "ጨው ጨምርበት፣ ሁለት እፍኝ፤ ጨው ያለበት መሬት ቶሎ አይደርቅም።" ጨው ለአሊዩ አምባ ልጅ ምን ይቸግረዋል! በማግስቱ ድምፁ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጠራ። "ደብረ ብርሃን፣ አሁንስ ትንፋሽህም ይሰማል!" አለኝ። እኔም ኮራሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ለሁለት ሳምንት ደረቴን ነፍቼ ነበር የምሄደው።

ከዚያ መስመሩ መቆረጥ ጀመረ። ቀስ እያለ መራቅ ሳይሆን ድንገት ድርግም። ሰይድ ወጥቶ ያያል፤ ከዘንጉ የሚነሳው ሽቦ ተበጥሷል። ያስረዋል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተበጥሷል። በዚህ መሐል ከዋናው ቢሮ የተላከ የስብሰባ ጥሪ አንኮበር ሳይደርስ ቀረና ጓድ ወንድይፍራው ከስብሰባው ቀሩ። ጓድ ወንድይፍራው የቅርንጫፉ ኃላፊ ናቸው። ሳፋሪ ኮት፣ የጡት ኪስ ላይ ሦስት እስክሪብቶ፣ ዳማ በቅሎ። በቅሎዋን ከሰው አብልጠው ይወዷታል ይባል ነበር፤ እኔም ኋላ አየሁት።

ሳምንት ሳይሞላ የአስተዳደር ኃላፊያችን ጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ ጓድ ወንድይፍራው የጻፉት ደብዳቤ ነበር። አንብብ አሉኝ። የስልክ ሠራተኛው ሰይድ በየማለዳው በምሰሶው ሥር "ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ" እንደሚያፈስ፣ ሲያፈስም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የሆነ ነገር እንደሚናገር፣ ከዚያ ወዲህ መስመሩ በተደጋጋሚ መቆረጡን፣ ይህም "ሆን ተብሎ" በአብዮቱ ላይ የተፈጸመ አሻጥር መሆኑን ይላል። ሰይድ በቀበሌ ታስሯል። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ ከቀበሌ ወደ ላይ የተላከ ሰው የት እንደሚደርስ ማንም አይጠይቅም፣ ጠያቂም አይመለስም ነበር። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ! ቢስሚላሂ እኮ ነው የሚለው! ሰይድ ስልክ ሲያነሳም፣ እስክሪብቶ ሲከፍትም ቢስሚላሂ ይላል። ያንን ሰው ሁለት ዓመት አጠገባቸው አስቀምጠው አንድ ቀን አልሰሙትም ማለት ነው?

ኃላፊው ሌላ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። "መስመሩ ሆን ተብሎ መቆረጡን በሙያዬ አረጋግጣለሁ" ይላል፤ ከታች ስሜ ተጽፏል።

"ፈርም" አሉኝ።

"ሳላየው?"

"ጓድ ወንድይፍራው አይተውታል።"

ጓድ ወንድይፍራው ያዩት ሰውየውን እንጂ ሽቦውን አይደለም ልል ነበር። ጨዉን ያዘዝኩት እኔ ነኝ ልል ነበር። እዚያው፣ በዚያች ደቂቃ ነበር ማለት የነበረብኝ። አላልኩም። ያልኩት "መጠገኑ አይቀርም፣ ልሂድና ጠግኜው መጥቼ ልፈርም" ነው። ሁለት ቀን ሰጡኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰይድ፣ በእኔ ፊርማም ሆነ ያለ እኔ ፊርማ፣ ወደ ላይ ይላካል።

ፒንሳዬን፣ ካቻቢቴዬንና ሽቦ የምጠቀልልበትን ናስትሮ በከረጢት ይዤ፣ ገብስ ለመጫን ባዶውን በሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚሠራውን ያን ከባድ ግራጫ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ሄድኩ፤ ነፋሱ ግን ብርድ ልብስ አያውቅም። አንኮበር ስደርስ ከሰዓት ሆኗል። ከቀበሌው በር ላይ የሰይድ ሚስት ዘይነባ አገልግል ይዛ ቆማለች። እንዴት እንዳወቀችኝ እንጃ፣ ከረጢቴን አይታ ይሆናል። "የደብረ ብርሃኑ ተክሌ ነህ?" አለችኝ። ነኝ አልኳት። "እንግዲያው እየው። አንተ እየው። እኔ ሌላ የምለምነው ሰው የለኝም።"

አየሁት። ዘንጉ ሥር የማዕድ ቤት ገበታ የሚያህል ጉድጓድ ተቆፍሯል። በዶማ የተቆፈረ አይደለም፤ ዳሩ ለስላሳ ነው፣ የተላሰ ነው። ዙሪያውን የኮቴ ዱካ። ሳቄ መጣ። ለካ እኔ ስልክ ሳይሆን የከብት ጨው መላሻ ነው ያቋቋምኩት! በዚያ አገር እንስሳ ጨው ለማግኘት ስንት መንገድ እንደሚሄድ የማያውቅ የለም፤ እኔ ባለሙያው ብቻ ረሳሁት። ግን ይህን ብናገር ማን ያምነኛል? ስለዚህ ሽቦውን ጠገንኩ፣ ጉድጓዱን ደለደልኩ፣ በሰይድ ባልዲ ውሃ ቀድቼ ጨው በጥብጬ አፈሰስኩ። አንዱን አብዮት ጠባቂ "ነገ ማለዳ እዚህ አብረኸኝ ተቀመጥ፣ አሻጥረኛውን አሳይሃለሁ" አልኩት። ጠመንጃውን አጥብቆ ያዘ።

በማግስቱ ፀሐይ ወጥቷል፣ ጉሙ ግን ገና ከቆላው እየወጣ ነበር። ካቡ ላይ ተቀምጠናል። ከጉሙ ውስጥ ገመዷን እየጎተተች፣ ማንንም ሳታይ፣ መንገዱን እንደሚያውቅ ሰው ቀጥ ብላ የመጣችው የጓድ ወንድይፍራው ዳማ በቅሎ ናት። ዘንጉ ሥር አንገቷን ደፍታ ላሰች፣ በኮቴዋ ጫረች፣ ደግሞ ላሰች። ሽቦው ከንፈሯ ላይ ሲያስቸግራት በጥርሷ ይዛ ሳብ! ድርግም። አብዮት ጠባቂው ሳቁን ለመያዝ አፉን በጋቢው ወተፈ።

ወዲያው ባለቤቷ "ማነው የፈታት?" እያሉ መጡ። በቅሎዋን አዩ፣ ከአፏ የተንጠለጠለውን ሽቦ አዩ፣ እኔን አዩ። ከፊታቸው ላይ ደም ሲሄድ አየሁ።

"ጓድ፣ እንግዲህ መስመሩን የቆረጠችው..." አልኩ።

"እንስሳ ነው" አሉ። "አገሩ ሙሉ እንስሳ ነው። እንስሳ ብለህ ጻፍ፣ ሰውየውም ይፈታል።" ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ አንዳች ሐፍረት አልነበረም። ሰው ሊያስበሉ ነበር እኮ! በበቅሏቸው!

የብልሽት መዝገብ የሚባል ነበረን። ቀን፣ ቦታ፣ መንስኤ፣ የተወሰደ እርምጃ። መንስኤ በሚለው ሥር "እንስሳ" ብዬ ጻፍኩ። የማን እንስሳ? አልጻፍኩም። እንስሳውን ምን ሳበው? አልጻፍኩም። ፈራሁ። ሰይድ በቀትር ተፈታ፤ አቅፎ ሳመኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተያየን፤ "ድምፅህ ከፊትህ ያምራል" ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ተመለስኩ።

ወር ሳይሞላ ሌላ ደብዳቤ መጣ። መንስኤው እንስሳ እንደሆነ በቴክኒሺያኑ ተረጋግጧል፤ እንስሳው የተሳበው በጨው ነው፤ ጨው ያፈሰሰው ሰይድ ነው፤ ስለዚህ በንብረት ላይ ባደረሰው ጉዳት ከሥራው ተሰናብቷል። አያችሁ ያልተጻፈ ስም ምን እንደሚሠራ? የበቅሎዋ ባለቤት ከወረቀቱ ሲወጣ፣ ወረቀቱ ውስጥ የቀረው ሰይድ ብቻ ነው። "ጨው አፍስስ ያለህ ማነው?" ብለው እንደጠየቁት ዘይነባ ናት ኋላ የነገረችኝ። "ከራሴ ነው" አላቸው። ቤት ገብቶ ስትጮህበት ደግሞ "የተክሌ ሚስት ድርስ እርጉዝ ናት፣ ልጁን ማን ያሳድገዋል?" አላት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዘመኑ ካለፈ ወዲያ፣ አሊዩ አምባ ገበያ አገኘሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፣ በርበሬና ጨው ዘርግቶ ይሸጣል። ከሩቅ አይቶኝ እጁን እንደ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ "ሃሎ ደብረ ብርሃን! ይሰማል?" ብሎ ጮኸ። ገበያተኛው ሳቀ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስለ ልጄ ጠየቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ነው ስለው "አልሐምዱሊላህ" አለና ለእሷ ብሎ በርበሬ ሰፈረልኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም፤ ወደ አኼራ ሄደ። መዝገቡ የት እንደገባ አላውቅም። የጻፍኩትን ግን አውቃለሁ።

እና ባለፈው ማክሰኞ ሻይዋ ሳይነካ እንደቀዘቀዘ ትዕግሥትን መጠየቅ ጀመርኩ። "የሚጠፋው መሄጃው ነው መመለሻው?"

ገርሟት አየችኝ። "ከእኛ ይወጣል፣ አይገባም።"

"ለአንዱ ነው ለሁሉም?"

"ለሁሉም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከቅዳሜ። አባዬ፣ ምክንያቱን እኮ አውቀዋለሁ። ሰርቨሩ ሞልቷል። የፖስታ ሣጥን ሲሞላ አዲስ ደብዳቤ እንደማይገባው ማለት ነው። ሊሞላ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ነበር።"

"በምን ሞላ?"

ትንሽ ፈገግ ብላ ነገረችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሲሸለሙ የተቀረጸውን ቪዲዮ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚያሳየውን፣ ለሠራተኛው በሙሉ በኢሜይል ይልካሉ። ሠራተኛው ደግሞ "እንኳን ደስ አለዎት" ያላለ ሰው እንዳይመስል፣ እያንዳንዱ ያንኑ ቪዲዮ አባሪ አድርጎ ለሁሉም መልሶ ይልካል። የአለቃ ቪዲዮ ነው፣ ማን ይደፍራል ማጥፋት? እሷም አልደፈረችም። ጉድ እኮ ነው! ደስታ በዝቶ ደብዳቤ ማለፊያ አጣ!

የመልሱን ረቂቅ አሳየችኝ። "መንስኤ፦ የማከማቻ ቦታ መሙላት" ይላል።

"በማን?" አልኳት።

"አባዬ፣ ተወው። ይህ ራሱ በቂ ነው። ይገባቸዋል።"

"አይበቃም!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት፤ ብርጭቆው ዘለለ። "የማን ቪዲዮ እንደሆነ ጻፊ። በስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት እንደተላከ ጻፊ። ሁለት ጊዜ ያመለከትሽበትን ቀን ጻፊ። ሳታጠፊው የቀረሽው ፈርተሽ መሆኑንም ጻፊ፣ የራስሽን አትደብቂ። ስም የሌለው መንስኤ የሚጥለው ደካማውን ነው!"

ደነገጠች። እንዲህ ስጮህ አይታኝ አታውቅም። ያኔ ነው የሰይድን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የነገርኳት፤ ከጨዉ እስከ በቅሎዋ፣ ከበቅሎዋ እስከ "ከራሴ ነው"። ስጨርስ ረቂቁን ወደ ራሷ ሳበች። "ያ በሆድ የነበረው ልጅ..." አለች።

"አንቺ ነሽ።"

እስክሪብቶዋን አነሳች። ስሙን ጻፈች፣ ቀኑን ጻፈች፣ የራሷንም ጻፈች። ዓርብ የሚሉትን ይበሉ።

እኔም ከደብተሯ አንድ ገጽ ገንጥዬ ወሰድኩ። ዘይነባ በሕይወት አለች፣ አሊዩ አምባ፣ ልጆቿ ጋ። በሚቀጥለው ገበያ ቀን ወርጄ በእጇ እሰጣታለሁ። ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት፦

"መስመር፦ ደብረ ብርሃን – አንኮበር። መንስኤ፦ የጓድ ወንድይፍራው ዳማ በቅሎ። ጨው አፍስስ ብዬ ያዘዝኩት እኔ፣ ቴክኒሺያን ተክሌ ነኝ። ሰይድ ጥፋት የለበትም።"

ከታች ፈረምኩበት።